ባለማኅተሙ ያዋሱት ስም

ዝናብ ሰውን ከማይፈልገው ሰው ጋር ያስጠልላል። የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ከዶፉ ሸሽተው መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ ሲወጡ፣ ጃንጥላዋን የምታራግፍ የእህታቸውን ልጅ እዚያው ቆማ አገኟት። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይላቸው ነበር። ያን ቀን ግን የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ባያያቸው በወደዱ።

በመሥሪያ ቤታቸው «ባለማኅተሙ» ነው የሚባሉት። የድርጅቱን ማኅተም ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ወረቀቱን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል እንጂ ማኅተሙ ወደ እሱ አይሄድም።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ? አመመዎት እንዴ?» አለቻቸው።

«ምነው ባመመኝ! ተዋረድኩ ልጄ። ያ እናንተ የሸጣችሁልን ፕሮግራም ጉድ ሠራኝ።»

ልጅቱ የክፍያ መጠየቂያ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ መመሪያ ጸሐፊ ናት። በቅርቡ ለፕሮግራሙ እንደ ሰው ገብቶ የክፍያ መጠየቂያ በራሱ የሚልክ ሰው ሠራሽ ወኪል ተጨምሮለት ነበርና፣ ወኪሉ እንዴት እንደሚገባና ማንነቱን እንዴት እንደሚያሳይ የጻፈችው እሷው ናት።

«ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ታውቂዋለሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ሚስቱ ስታርፍ የመታሰቢያ ካርዷን በነፃ አተምንለት። ‹ይህ የእኛ የጎረቤቶችህ ነው› ብዬ በእጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ስልኩን ይዞ መጣ። ‹ወንድሜ፣ ክፍያው መዘግየቱን አላወቅሁም፣ ይቅርታ› ይለኛል! አየሁት፤ የክፍያ መጠየቂያ ነው። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ስም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

ባለማኅተሙ ዝናቡን አዩ። የሚቀጥለውን መናገር ከበዳቸው።

«ገንዘብ ተቀባይዋ ላይ ጮኽኩባት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ› አልኳት። ሁላችንም የምንገባው በእኔ ስምና በእኔ የይለፍ ቃል ነዋ! እሷም፣ ዲዛይነሩም። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ለሁላችንም ‹እንኳን ደህና መጣህ› ይለናል፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ አንተ ማለቱ ሳያንስ። እሷ ‹ጋሼ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም› አለች። አላመንኳትም። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።»

«ወኪሉስ በማን ስም ነው የሚገባው?»

«በእኔው ነዋ። ቤተሰብ አይደለን? ለየራስ ቁልፍ መያዝ የማይተማመኑ ሰዎች ሥራ ነው። ደግሞ የራስሽ መመሪያ ‹ወኪሉ ለመግባት የይለፍ ቃል ይፈልጋል› ይላል። ፈለገ፤ ሰጠሁት!»

አሁን አንገቷን የደፋችው ልጅቱ ናት። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ለመጨረስ ተቻኩላ ነበር፤ የማን የይለፍ ቃል እንደሆነ አላለችም። የሚያነብ ሰው ይገባዋል ብላ ያለፈችው ነገር እነሆ የአጎቷን ፊት አጥቁሮታል። የተማረ ሰው ትልቁ ስንፍና፣ ለእሱ የገባው ነገር ለሌላውም የገባ የሚመስለው መሆኑ ነው።

«ስልክዎን ያምጡ» አለች። «ወኪሉ ሦስት መሣሪያዎች አሉት፤ ‹ግባ›፣ ‹ማነኝ› እና ‹ውጣ›። ‹ማነኝ› የሚለውን እንዲጠቀም ይዘዙት።»

በአውራ ጣታቸው እየተንቀራፈፉ ጻፉ። ወኪሉ ፕሮግራሙን ‹ማነኝ› ብሎ ጠየቀ፤ ፕሮግራሙም የባለማኅተሙን ሙሉ ስም ከነማዕረጋቸው ጠርቶ፣ «ማየት፣ መጻፍ፣ መላክ፣ መሰረዝ ትችላለህ» ሲል መለሰ። የካርዱን ነገር ሲጠይቁትም ወኪሉ አልደበቀም፤ ሥራው አልቆ ሒሳብ ያልተጠየቀበት ሆኖ ስላገኘው መጠየቂያውን በራሱ ልኳል።

«እሷ አይደለችማ» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለችም። ጋሼ፣ እስቲ ማኅተሙን ያውሱኝ።»

እጃቸው ሳያስቡት ደረት ኪሳቸው ላይ አረፈ። «አብደሻል?»

«ለእህትዎ ልጅ?»

«ለእናትሽም አልሰጥ!»

«ታዲያ ያ የይለፍ ቃል ከማኅተም በምን ይለያል?»

ባለማኅተሙ እጃቸውን ከኪሳቸው ላይ ሳያነሡ ቆሙ። የማኅተሙን ላስቲክ ሲጠብቁ ኖረው ስማቸውን ለአገር አውሰዋል። ያም ሆኖ ሽማግሌ በአንድ ጊዜ አይረታምና፣ «እሺ፣ ግን ለየብቻ ስንገባ አለመተማመን አይሆንም?» አሉ።

«ገንዘብ ተቀባይዋ በራሷ ስም ብትገባ ኖሮ፣ ዛሬ ስሟ ይመሰክርላት ነበር። ያኔ መሐላ ምን ያደርግላታል?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ዝናቡ ነው እንዳይባል በረንዳው ጣሪያ አለው።

ማታውኑ ልጅቱ መመሪያውን አረመች። «ለወኪል የሰው የይለፍ ቃል አይሰጥም፤ የራሱ ቁልፍ ይውጣለት» ብላ ጻፈች። ለማተሚያ ቤቱ ወኪል ባወጣችለት ቁልፍ ማየትና ማርቀቅ እንጂ መላክ አይቻልም። ቢያጠፋ የእሱ ብቻ ይሰረዛል፤ የሌላው ሥራ አይቆምም። ለገንዘብ ተቀባይዋና ለዲዛይነሩም በየራሳቸው ስም ቁልፍ ወጣላቸው፤ ማን ምን እንደሠራም ያለ ጩኸት ይታወቃል።

ባለማኅተሙ በማግስቱ ልብስ ሰፊውን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ገንዘብ ተቀባይዋ ቤት ሄደው ደጅ ቆሙ፤ ይግቡ ብትላቸውም እምቢ አሉ። መሥሪያ ቤት ይዘዋት ተመለሱና ትናንት የሰሙት ሁሉ ባሉበት፣ «የበደልኳት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሌን ለወኪሉ የሰጠሁት እኔው፣ የጮኽኩትም እኔው» አሉ።

ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በአዲሱ ቁልፏ ገባች። ማሽኑ ሰላምታውን አወጣ። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«እንኳን ደህና መጣሽ።»

ዞር ብላ አየቻቸው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንተ ስትባል መኖሯን ባለማኅተሙ ያን ጊዜ ነው ያሰቡት። ቀና ብለው ሊያይዋት አልቻሉም።