ፈረሱን ያስረሳው ውሻ

የራሴን ጅልነት ልንገራችሁ። መቻል የሚባል ውሻ አለኝ። ሲያሳክከው ባየሁ ቁጥር «ቆሽሾ ነው» እያልኩ በዚያ በእንጅባራ ብርድ በልብስ ሳሙና እፈትገዋለሁ። ባጠብኩት ቁጥር ማከኩ ባሰበት፤ ጠጉሩም ረግፎ ጀርባው ተራቆተ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ብወስደው «እከክም ቁንጫም የለበትም፤ ቆዳው ደርቆ ነው» አለኝ። ስመለስ ጎረቤቴ አያ አለኸኝ በየዓመቱ ለሚከበረው የፈረስ በዓል ፈረሳቸውን ሲቦርሹ አገኘኋቸው። ውሻዬን አይተው «ምነው አንች ልጅ፣ ውሻ ነጠላ መሰለሽ? ወዙን እኮ አጥበሽ ጨረስሽው!» አሉና አሮጌ የፈረስ ብሩሽ ሰጡኝ። «ሳሙናውን ተይው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ቦርሽው፤ ምግቡ ላይም የተፈጨ ተልባ ጣል አድርጊበት። የኔ ፈረስ በምን የሚያበራ መሰለሽ?»

እንዳሉኝ አደረግኩ። መቻል ብሩሹን ገና ሲያይ ጀርባውን ይሰጠኝ ጀመር፤ ጠጉሩም መለስ አለ። የበዓሉ ዕለት አያ አለኸኝ ፈረሳቸውን ሸልመው፣ ደረታቸውን ነፍተው ሲወጡ፣ መቻል ከፊት ከፊታቸው እያብረቀረቀ ይሮጣል። ሰዉ ሁሉ «ወይ ውሻ! የማን ነው?» ይላል፤ ፈረሱን ዞር ብሎ ያየው የለም። አያ አለኸኝ ልጓሙን ሳብ አድርገው ወደኔ ዞሩና፣ ሳቃቸውን እየታገሉ «ብሩሼን ዛሬውኑ ትመልሻለሽ!» አሉኝ።

መለስኩላቸው። ምን ዋጋ አለው? አሁን መቻል በየጠዋቱ በአጥራቸው ሾልኮ ይገባና ከፈረሱ ኋላ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። አያ አለኸኝ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ፤ ግን አንድም ቀን ሳይቦርሹት መልሰውልኝ አያውቁም።