ፎቅ የሚጠብቅ ጣራ

ከሐይቁ በላይ ባለ ሰፈር፣ የነፋሱ ወር ገብቶ ሰማዩ አቧራ በለበሰበት ከሰዓት በኋላ፣ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ አልጋነሽ መንገድ ዳር ባለው የጭቃ ቤቷ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ አዲስ የብሎኬት ቤት ያቆመው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም አቶ ደምሰው፣ ፊቷ ቆሟል።

ደምሰው፦ እትዬ፣ ተነሽ ብዬሻለሁ! ሠራተኞቹ ዲጂኖ ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል።

አልጋነሽ፦ ይቀመጡ። መቀመጥ ምን ነውር አለው? እኔስ ተቀምጬ የለ?

ደምሰው፦ እቃሽን አውጪና ቤቱ ይፍረስ! ሰኞ ብልሽ ማክሰኞ አልሽኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

አልጋነሽ፦ ማክሰኞ አልኩህ እንጂ የየትኛው ዓመት ማክሰኞ እንደሆነ መቼ ነገርኩህ?

ደምሰው፦ እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው። ሰማዩን እዪው፣ ቡላ መስሏል። ያ ነፋስ ሲመጣ ይህ ጭቃ ይጫንሻል። ሬሳሽን ከጭዱ እየለየሁ ላወጣ ነው?

አልጋነሽ፦ ሟርትህን ለራስህ! ይህ ቤት ስንት ነፋስ ሸኝቷል። አንተስ ሚስት እስክታገባ የተኛኸው እዚሁ መደብ ላይ አይደል? አንድ ቀን ጭቃ ተጫነህ?

ደምሰው፦ ያኔ ምን ምርጫ ነበረኝ? አሁን ዘመኑ የብሎኬት ነው። ብሎኬት ማለት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይን ነፋስ ምን ያደርገዋል? የአንቺ ግን እንጨትና ጭድ ነው፤ ያንንም ምስጥ ጨርሶታል።

አልጋነሽ፦ ምስጥ የበላው በጓዳ በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱን አልክድህም። ሲበላ ይሰማኛል፣ ቀርጨጭ ቀርጨጭ ይላል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሲበላ የምሰማው እሱን ብቻ ነው። ማዕዘኑ ግን ወይራ ነው። ወይራን ምስጥ ሊቀምስ ሞክሮ ጥርሱ ረግፎ ሄደ።

ደምሰው፦ ወይራ ትላለች! በዚህ ዘመን ስለ ወይራ የሚያስብ አንቺና ፍየል ናችሁ።

አልጋነሽ፦ ፍየሏም አልተሳሳተችም። እሺ፣ አፈረስክ እንበል። እኔን የት ልትጥለኝ ነው?

ደምሰው፦ ክፍል ሰጥቼሽ የለም እንዴ? ከኋላ፣ ሊሾ ወለል፣ የብረት በር!

አልጋነሽ፦ መስኮቷ ወደ ሽንት ቤቱ የምትከፈተዋን? አየኋት። ሲሚንቶ ከምረህባታል።

ደምሰው፦ ሲሚንቶው ይወጣል።

አልጋነሽ፦ ሲሚንቶው ሲወጣ እኔ ልገባ። ተረኛ እቃ ነኛ!

ደምሰው፦ ኧረ ነገር አታጣሚ።

አልጋነሽ፦ ደግሞ ሙቀቷ! ቀን ቀን ዳቦ ይበስልባታል። ሚስትህን ጠይቃት እስቲ፣ ፀሐይ ሲከር የት ነው የምታሸልበው? እዚሁ መደቤ ላይ አይደለም? «እትዬ፣ ያ ቤት ሊያነደኝ ነው፣ ለደምሰው እንዳትነግሪው» ትለኛለች። ይኸው ነገርኩህ።

ደምሰው፦ እሷ ቤት መያዝ ገና አልለመደችም።

አልጋነሽ፦ ምን ትልመድ! ሶፋው ላስቲኩ አልተገፈፈ፣ ምንጣፉ ላይ አይረገጥ፣ ልጆቹ የሚበሉት ደጅ። ቤቱን ለሰው ነው የሠራኸው ወይስ ለእይታ?

ደምሰው፦ ሰው በልፋቱ ቤት ሲሠራ ምቀኛው በዛ።

አልጋነሽ፦ እኔ ልመቅኝህ? እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ሁሉ ዓመት ጭቃዬ ሳያሳስብህ ኖረህ፣ ዛሬ ምን ተገኘና ነው ነፍሴ ያሳዘነችህ?

ደምሰው፦ እሑድ እንግዳ አለብኝ።

አልጋነሽ፦ የምን እንግዳ?

ደምሰው፦ ልጄን ብዙወርቅን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከከተማ ይመጣሉ።

አልጋነሽ፦ እሰይ! እልል! ልጃችን ልትዳርልን ነው! ታዲያ ይህን ደስታ በዲጂኖ ነው እንዴ የሚያበስሩት?

ደምሰው፦ ሰዎቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እኛም ባለ ብሎኬት ነን ብለናቸዋል። ከመኪና ሲወርዱ ግን የሚያዩት ምንድን ነው? የአንቺን ጭቃ! የኔ ቤት ከኋላው ተደብቆ ፌሮው ብቻ እንደ ጃርት ወስፌ ብቅ ብሎ ይታያል።

አልጋነሽ፦ ተናገራ እንዲህ! ነፋስ ነፋስ ስትለኝ ለካ ሊወድቅ ነው ብለህ አይደለም፤ ቆሞ ጋርዶህ ነው።

ደምሰው፦ እና ምን ላድርግ? ልጅቷ እድሏ ይሰበር? አንቺው አዝለሽ ያሳደግሻት ልጅ ናት።

አልጋነሽ፦ ያዘልኳት በዚሁ ቤት ነው። ጭቃ የሸተታቸው እንደሆነ የቆዳ ሽታዋ ነው በላቸው። ቆይ ቆይ… ምንድን ነው ይህ የሚያጨበጭበው?

ደምሰው፦ የቱ? ምንም አይደለም።

አልጋነሽ፦ የአንተ ጣራ ነው! ኧረ ዞረህ ተመልከት፣ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ ቁርጥ አንተን።

ደምሰው፦ አዲስ ቆርቆሮ ጠባዩ ነው። ቦታውን እስኪይዝ ይንጫጫል።

አልጋነሽ፦ ቦታውን ሊይዝ ነው ወይስ ሊለቅ? በምን ነው ያሰርከው?

ደምሰው፦ ማሰር ለምን ያስፈልገዋል? ከብሎኬቱ ላይ ተቀምጧል። ድንጋይም ጫን ጫን አስደርጌበታለሁ።

አልጋነሽ፦ እንደ ድስት ከድነኸው ሄድክ?

ደምሰው፦ እትዬ፣ አልገባሽም። ጣራው ጊዜያዊ ነው። ፎቅ ሲጨመርበት ይነሳል። ፌሮውን አቁሜ የተውኩት ለምን መሰለሽ? ግንበኛው «ፌሮውን አጥፈን የጣራውን እንጨት እንሰርበት» ሲለኝ እኔው ራሴ ነኝ የከለከልኩት። ከታጠፈ ለፎቅ አይሆንማ!

አልጋነሽ፦ ፎቁ መቼ ነው የሚመጣው?

ደምሰው፦ እግዚአብሔር ያውቃል።

አልጋነሽ፦ እሱማ ያውቃል። ነፋሱ ግን መጥቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ላልመጣ ፎቅ ብለህ ያለህን ጣራ ሳታስረው ተውከው። ነፋሱም ሰምቶሃል መሰለኝ፣ «ይነሳል» ካልክማ ልርዳህ ብሎ እያነሳልህ ነው።

ደምሰው፦ አትሳቂ እትዬ!

አልጋነሽ፦ አልሳቅሁም፣ አቧራ ገብቶብኝ ነው። ስማኝ፣ ብሎኬት ክፉ ነው አልወጣኝም። ግድግዳህ ይቆማል፤ ራሱን ተላጭቶ ይቆማል። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላል። ነፋስም «ይህ ብሎኬት ነው፣ ይህ ጭቃ ነው» ብሎ አያከብርም፤ አያያዝህን ነው የሚያየው።

ደምሰው፦ የአንቺስ? የአንቺ ጣራ ምነው ድምፁን አላሰማ?

አልጋነሽ፦ ታስሯላ! የደቦውን ቀን ረሳኸው እንዴ? ጣራ ሲወጣ ባለቤቱ መች ያስራል? ጎረቤት ነው፣ እያንዳንዱ ወራጁን ተካፍሎ ከግድግዳው ጋር የሚያስረው። ክረምት ገብቶ ቋጠሮው የላላበት ሰው ለሰፈሩ ጠላ ይጥላል፣ ስም ይወጣለታል። አያ ድንቁ ነፍሳቸውን ይማርና እስኪቀበሩ ድረስ «ላላው» ተብለው አልቀሩም?

ደምሰው፦ አውቃለሁ እሱን።

አልጋነሽ፦ በሐይቁ በኩል ያለውን፣ ነፋሱ የሚመታውንስ ማን አሰረው?

ደምሰው፦ ተይው አሁን።

አልጋነሽ፦ ማን አሰረው ደምሰው?

ደምሰው፦ እኔ ነኛ! እኔ ነኝ!

አልጋነሽ፦ አዎ አንተ ነህ። ጎረምሳ ሆነህ፣ በጉልበትህ እየረገጥክ፣ ጥርስህን ነክሰህ ስትስበው ወንድምህ «ተው ልጄ፣ እንጨቱን ልትገነጥለው ነው» ይልህ ነበር። ለሰው ቤት እንዲያ ያሰረ እጅ ለራሱ ቤት ድንጋይ ጫነበት!

ደምሰው፦ ያኔ እኮ ጠላውን ፈርቼ ነው። ለራሴ ቤት ማን ጠላ ያስጥለኛል?

አልጋነሽ፦ ይኸው ነፋሱ ሊያስጥልህ ነው… እየው! እየው! አንዱ ቆርቆሮ ሄደ!

ደምሰው፦ ወይኔ! ወይኔ ልጄን! እሑድ እኮ ነው!

አልጋነሽ፦ ጩኸቱን ተውና ጓዳ ግባ። የወንድምህ የበቅሎ መጫኛ አልጋው ሥር ነው። ሁሉንም አምጣው!

ደምሰው፦ የብሎኬት ቤት በመጫኛ? ሰው ምን ይለኛል? «የደምሰው ቤት እንደ በግ ታሰረ» አይሉም?

አልጋነሽ፦ ያልታሰረ በግ ለጅብ ነው። ምረጥ!

ደምሰው፦ አምጥቻለሁ! እናንተ ልጆች! ዲጂኖውን ጣሉትና ኑ! መጫኛውን በጣራው ላይ ወርውሩት! ከፌሮው ጋር እሰሩት!

አልጋነሽ፦ ፌሮው ለፎቅህ አልነበር?

ደምሰው፦ ፎቁን ተይኝ አሁን! ኧረ ጎበጠ… ይኸ ፌሮ ጎበጠብኝ! ችካል ምቱ! ችካል!

አልጋነሽ፦ በቀደም በገልባጭ ያስደፋኸው አፈር ችካል ይይዛል? አንደኛውን ጫፍ በዚያ በኩል ከግራሩ ግንድ ይሰሩት። ይህኛውን ወደዚህ አምጣው።

ደምሰው፦ ወዴት? እዚህ ምን አለ?

አልጋነሽ፦ የኔ ማዕዘን አለ። ወይራው ላይ ጠምጥመው።

ደምሰው፦ ከአንቺ ቤት ጋር?

አልጋነሽ፦ ሌላ ቆርቆሮ እስኪሄድ ልጠብቅህ?

ደምሰው፦ እሺ! እሺ! ያዘ… እትዬ ያዘልኝ!

አልጋነሽ፦ ድገመው። በጉልበትህ ርገጠው፣ እንደዚያን ጊዜው። እንዲያ! እጅህስ አልረሳም።

ደምሰው፦ ጣራው ተቀመጠ! ሰማሽ? ዝም አለ! ተመስገን! ይህቺ ነፋስ ትለፍ እንጂ ነገ በጠዋት እፈታዋለሁ።

አልጋነሽ፦ ወሩ ገና መግባቱ ነው። ነገም ይነፍሳል፣ እሑድም ይነፍሳል።

ደምሰው፦ እና እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ብሎኬቴ ከጭቃ ቤት ጋር ታስሮ ያዩታል?

አልጋነሽ፦ ጣራ ለብሶ ያዩታል። ምነው ሲሉህ ቤተሰብ ነን፣ ተሳስረን ነው የምንኖረው በላቸው። ለአማች ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም።

ደምሰው፦ እትዬ… ልጆቹ ዲጂኖውን አንስተው ይጠይቁኛል። ምን እናድርግ እያሉ ነው።

አልጋነሽ፦ ምን ያደርጋሉ፣ የመጡበትን ሥራ ይሥሩ እንጂ። ግቡና ቤቱን አፍርሱት በላቸው፤ ከወይራው ቋሚ ይጀምሩ።