ወፍጮ ቤት የምትሰለፍ ተመራጭ

ለምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰፈርተኛው «እምቢ ባይዋ» የሚላቸው ሴትዮ በቆሏቸውን አዝለው ወፍጮ ቤት ቢገቡ፣ ወረፋው መሃል ማንን ያያሉ? የገዛ ወንድማቸውን ልጅ! ልጅቱ በገበሬው ድምፅ ምክር ቤት ከገባች አራት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ለሁለተኛ ጊዜ ትወዳደራለች። ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ እንደ ማንም ቆማለች።

እምቢ ባይዋ ሸክማቸውን ዱብ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው አዋረድሽን?»

«ደህና አደሩ አክስቴ? ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ትላለች! ያኛው ተወዳዳሪ በመኪና እያለፈ እጁን ያውለበልባል። አንቺ በቆሎ ታስፈጫለሽ። ሹም እንደዚህ ነው? በይ ድምፄን አልሰጥሽም! የጎረቤቶቼንም እንዳትጠብቂ።»

ባለወፍጮው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ሞተሩ ዞረ። ልጅቱን ግን አላሳቃትም። ባለፈው ያሸነፈችው በሠላሳ ድምፅ ብቻ ነው፤ እኒህ ሴትዮ እምቢ ካሉ ደግሞ የመንደሩ ሴት ግማሹ እምቢ ይላል።

«አክስቴ፣ ሳይቆጡ ይስሙኝ። የመስኖ ማኅበራችን ጸሐፊ ሳለሁ ቦይ ዳር እቀመጥ ስለነበር፣ ውሃ ያልደረሰውን ሁሉ አውቅ ነበር። ስመረጥ ጥሩ ቢሮ ሰጡኝ። ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ የመጣው ማን ነው? ነጋዴውና ጠበቃው! ስለዚህ እኔው ሰው ወዳለበት መውጣት ጀመርኩ። የክትባቱ ቀን በገበያ ቀን ላይ ስለዋለ ስንት ሕፃን ሳይከተብ እንደሚቀር የሰማሁት እዚህ ወረፋ ላይ ነው። ቀኑን አስቀየርነው።»

«እውነቷን ነው» አለች ከፊት የቆመችው ሴት፣ ያዘለችውን ልጅ እሹሩሩ እያለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ጉዳይ ያለው ቢሮ አይሄድም? እግር የለውም?»

«እርስዎስ አክስቴ፣ መጥተው ያውቃሉ?»

እምቢ ባይዋ የጆንያቸውን አፍ ፈተው መልሰው አሰሩት። ለማንም ያልነገሩት ነገር ነበራቸው።

«መጥቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መንገድ ሠሪዎቹ ከማሳዬ ራስጌ የቀበሩት የጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ ጠባብ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፉ ሽንኩርቴን ጠራርጎት ይሄዳል። ይኸው ሦስት ዓመቴ! ልነግርሽ መጥቼ ዘበኛው ‹ወዴት ነው እናቴ?› ቢለኝ፣ ጭቃ የለበሰ ጫማዬን አየሁና ‹ቤት ተሳስቼ ነው› ብዬ ተመለስኩ።»

ልጅቱ ወደ አክስቷ ጠጋ አለች።

«እርስዎ የገዛ ልጅዎን በር ካልደፈሩ፣ ባዳ እንዴት ይድፈረው?»



«ታዲያ ወንበሩን ለምን ሰጡሽ?» አሉ እምቢ ባይዋ፣ ለክርክር ያህል።

«ቆሜ የሰማሁትን ቁጭ ብዬ እንድጽፍበት ነዋ!»

«ጻፊ እንግዲያ! የእኔ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከታች ያሉትን ስድስት ማሳዎችም ጨምሪ።»

በምርጫው ቀን እምቢ ባይዋ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው በማለዳ ወጡ፤ ልጅቱም አሸነፈች። ቱቦው በአንድ ጀንበር አልተለወጠም፣ ውሸት ምን ያደርጋል? አንድ ክረምት ጎርፉ ሽንኩርቱን ደግሞ ወሰደው። በሁለተኛው ግን ሰፊ ቱቦ ተቀበረና ሰባት ቤተሰብ ሽንኩርቱን ነቅሎ ሸጠ። የገበሬ ልጅ ብትሾም ጥቅሙ ይህ ነው፤ ወገኗ የሚፈራውን በር ስለምታውቀው ራሷ ወጥታ ትቀበለዋለች። ሳትወጣ ከቀረች ግን ከየትም ብትወለድ ያው ናት።

አንድ ቀን ባለወፍጮው ተመራጯን አክብሮ «ሥራ ይበዛብዎታል፣ ወደ ፊት ይለፉ» ቢላት፣ እምቢ ባይዋ ከኋላ ጮኹ።

«እምቢ! ወረፋዋን ትጠብቅ! እዚህ ገና ያልተናገሩ ሴቶች አሉ።»