እሺ ካልተባለ የማይበላ በርገር

ቅዳሜ እኩለ ቀን፤ አቶ ልሣነወርቅ ከአቶ ጌጡ ሉካንዳ ፊት ለፊት በከፈቱት አዲስ የበርገርና የባርቤኪው ቤት፤ አቶ ጌጡ የአቶ ልሣነወርቅን ልጅ ለወንድማቸው ልጅ ለመጠየቅ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ሆነው መጥተው ገና ከመቀመጣቸው ምግብ ቀርቦላቸዋል።

ጌጡ፦ አንሳልኝ ብዬሃለሁ!

ልሣነወርቅ፦ አንዴ ቅመስና ይነሳል።

ጌጡ፦ እኔ የሰው ልጅ ልጠይቅ የመጣሁ ሽማግሌ ነኝ። «እሺ» ሳትሉን ውሃ እንኳ በአፋችን አይዞርም። ወጉን እንደማያውቅ ሰው አትሁንብኝ።

ልሣነወርቅ፦ ወጉን አውቀዋለሁ። በርገር ግን ከቀዘቀዘ አይረባም።

ጌጡ፦ ሲሞቅስ ይረባል?

ልሣነወርቅ፦ ጀመርክ!

ጌጡ፦ ገና አልጀመርኩም። መጀመሪያ ስላስቀመጥከኝ ወንበር ንገረኝ። ሽማግሌ ቆጥ ላይ ይሰቀላል? እግሬ እኮ መሬት አልነካም። በዚህ ዕድሜዬ እግሬን እያወዛወዝኩ ልጅ ልጠይቅ?

ልሣነወርቅ፦ ዘመናዊ ወንበር ነው።

ጌጡ፦ አብሮኝ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ሞላልኝ አንዴ አይቶት «እኔስ በሩ ላይ እቆማለሁ» አለ። ጉልበቱን ያውቀዋላ! ባሻ ወርዶፋም እሱን ብቻውን አልተውም ብለው አብረውት ቀሩ።

ልሣነወርቅ፦ ሦስት ሽማግሌ ተልኮ አንዱ ብቻ ከገባ ጥያቄው ሙሉ አይደለም። ወግ ወግ ካልክ አይቀር ይሄም ወግ ነው።

ጌጡ፦ በመስታወቱ ያዩናል፤ ይበቃል። በል ስማኝ። አቶ ልሣነወርቅ፣ ልጅዎን ወይዘሪት ማኅደርን ለልጃችን ለናሁሠናይ እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም ልጄ እንዲሉልን...

ልሣነወርቅ፦ ዛሬ ደግሞ «እርስዎ» ሆንኩ?

ጌጡ፦ «እርስዎ» የሚባለው የልጅቷ አባት ነው፤ አንተንማ አውቅሃለሁ። አታቋርጠኝ! ... ልጄ እንዲሉልን ለሦስተኛ ጊዜ ደጅዎ ቆመናል።

ልሣነወርቅ፦ መልሱን ሁለቴ ሰምተኸዋል። ልጄን ለሥጋ ቆራጭ አልሰጥም።

ጌጡ፦ ሥጋ ቆራጭ?

ልሣነወርቅ፦ ያንተ ሉካንዳ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ቢላዋ ይዞ የሚውለው ሌላ ሰው ነው እንዴ?

ጌጡ፦ አንተስ ምንድነህ? ሥጋ ፈጪ አይደለህም?

ልሣነወርቅ፦ እኔ ሬስቶራንት ነው ያለኝ።

ጌጡ፦ ወፍጮ ቤት ነው ያለህ! ሌላው እህል ያስፈጫል፣ አንተ በሬ ታስፈጫለህ። ሻኛው የቱ፣ ሽንጡ የቱ፣ ዳቢቱ የቱ እንደሆነ እንዳይታወቅ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቀህ ዳቦ ውስጥ ደበቅከው። ደህና ሥጋ ምን አሳፍሮት ይደበቃል? እኛ ጋ አይተኸው፣ አገላብጠኸው፣ «ከዚህ ቁረጥልኝ» ብለህ ነው የምትበላው።

ልሣነወርቅ፦ እሺ በርገሩን ተወው። ጎድኑን እየው። ባርቤኪው ይሉሃል ይሄ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ላይ ሲበስል ያደረ።

ጌጡ፦ ምን አጥፍቶ?

ልሣነወርቅ፦ እንዲለሰልስ ነዋ! አጥንቱን በሁለት ጣት ሳብ ስታደርገው ይወጣል።

ጌጡ፦ ታዲያ ጥርሴን ምን ልሥራበት? ጎድን ይጋጣል እንጂ ሳብ ይደረጋል? ይሄ የሚያብለጨልጨውስ ምን ቀብታችሁት ነው?

ልሣነወርቅ፦ ሶስ ነው። ጣፈጥ እንዲል ትንሽ ሞላሰስ ገብቶበታል።

ጌጡ፦ ሞላሰስ? ሞላሰስማ በሬው በሕይወት እያለ ነው የሚሰጠው፣ እንዲሰባ! ከሞተ በኋላ ማን ሊወፍር ነው?

ልሣነወርቅ፦ በላተኛው።

ጌጡ፦ አፍህስ ደህና ነው፤ እጅህ ነው የጠፋው። ይሄ ጥቁር ጓንትስ? ሳህን ልታሳጥበኝ ነው?

ልሣነወርቅ፦ እጅህ ሶስ እንዳይነካው ነው። አድርገህ ትበላበታለህ።

ጌጡ፦ ወይ ጉድ! ሰው ከገዛ ምሳው ይጠነቀቃል? ቆራጩ ጓንት ሲያደርግ አይቻለሁ፤ በላተኛው ሲያደርግ ግን ዛሬ አየሁ። ሰው ማጉረስ ብፈልግስ? በላስቲክ ላጉርስ?

ልሣነወርቅ፦ እዚህ መጎራረስ የለም። ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የሚበላው።

ጌጡ፦ እሱንማ አየሁ። እዚያ ጥግ ላይ አራት ልጆች ምግብ የቀረበበትን የየራሳቸውን ጣውላ ታቅፈው ይበላሉ፤ አንዱ ለአንዱ ቅመስ አይልም። ተጣልተው ነው?

ልሣነወርቅ፦ ጓደኛሞች ናቸው።

ጌጡ፦ እንግዲያው ሳንሄድ እናስታርቃቸዋለን። ሽማግሌ እንደሆነ ሞልቷል።

ልሣነወርቅ፦ ቀልድህን ጨርስና ሂድ፤ መልሴ ያው ነው።

ጌጡ፦ ልሣኑ፣ ቀልዱን ትቼልሃለሁ። ሦስት ጊዜ መጥተን ከመለስከን አራተኛ የለም፤ ታውቀዋለህ። ነገሩ ያበቃል። ናሁሠናይ ሌላ አላይም ብሏል። ልጅህስ? ጠይቀሃታል?

ልሣነወርቅ፦ ጠይቄያታለሁ። ባለፈው ከመለስኳችሁ ወዲህ እዚህ ቤት ምግብ አትነካም።

ጌጡ፦ እዚህ ቤት ምግብ አለመንካት የሐዘን ምልክት አይሆንም። ጤናዋን ጠብቃ ይሆናል። ሌላ ምልክት ንገረኝ።

ልሣነወርቅ፦ አታናግረኝም። «አባዬ» ማለቷን ትታ «ጋሼ» ትለኛለች። በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገችኝ!

ጌጡ፦ ይሄማ ከባድ ነው። እና ይሄን እያየህ ነው እንቢ የምትለኝ?

ልሣነወርቅ፦ ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ዞር በልና በሩ ላይ እይ።

ጌጡ፦ ምን አለ?

ልሣነወርቅ፦ ሞላልኝ ምን እያደረገ ነው?

ጌጡ፦ ቆሟል።

ልሣነወርቅ፦ ቆሞ ምን ያደርጋል? አፉ ለምን ይንቀሳቀሳል?

ጌጡ፦ እ... እየጸለየ ይሆናል።

ልሣነወርቅ፦ ጎድን ይዞ? አስተናጋጇ «ቆመው ከሚጠብቁ» ብላ ወሰደችላቸው። ባሻ ወርዶፋ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ሞላልኝ ግን ሁለተኛውን አጥንት ጨረሰ። አለቀ ጌጡ! ሽማግሌ ከበላ ተስተናግዶ ሄደ ማለት ነው። ጥያቄውን ከነአጥንቱ በላው!

ጌጡ፦ እሱ ሽማግሌ አይደለም።

ልሣነወርቅ፦ ምንድነው ታዲያ?

ጌጡ፦ ሾፌር ነው። እሱ ነው ይዞን የመጣው።

ልሣነወርቅ፦ ከመንገዱ ማዶ በመኪና መጣችሁ?

ጌጡ፦ ባሻ ያማቸዋል።

ልሣነወርቅ፦ ባለፈው ሲመጣ ሽማግሌ ነበር። ከመሐላችሁ ጮክ ብሎ ያወራውም እሱ ነው!

ጌጡ፦ ባለፈው አልበላማ። ሞላልኝ! አንተ ሞላልኝ! አስቀምጠው! ... ኧረ ጣትህን አትላስ፣ አዋረድከን!

ልሣነወርቅ፦ ተወው ይላስ። ተወው ጌጡ። እስቲ እየው... ጣቱን ላሰ አይደል? ወዶት ነው።

ጌጡ፦ እርቦት ነው።

ልሣነወርቅ፦ ወዶት ነው! አንድ ትልቅ ሰው እዚህ ቤት ጣቱን ሲልስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጌጡ፦ ምን ሆነህ ነው? ዓይንህ እንባ አዘለ እንዴ?

ልሣነወርቅ፦ ጭሱ ነው።

ጌጡ፦ ጭሱ ጓሮ ነው ያለው። ልሣኑ፣ እውነቱን ንገረኝ። እንቢ ያልከው በናሁሠናይ ነው ወይስ በኔ?

ልሣነወርቅ፦ ልጁማ ምን ይወጣለታል! ጨዋ ነው። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው፤ ሰላምታ አጉድሎብኝ አያውቅም። ባንተ ነው። ባንተ ተቃጥዬ ነው!

ጌጡ፦ እኔ ምን አደረግኩህ?

ልሣነወርቅ፦ ምንም! ምንም አላደረግክም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። የመኪና መለዋወጫ እሸጥ በነበረበት ዘመን ሁሉ እሁድ እሁድ ካንተ ሉካንዳ ቀርቼ አውቃለሁ? «ልሣኑ መጣ፣ ዳቢቱን አውርዱ» ትል አልነበረም? ይሄን ቤት ስከፍት ግን መንገድ ተሻግረህ «እንኳን ደስ ያለህ» አላልከኝም። በርህ ላይ ቆመህ፣ እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ፣ ሳቅህብኝ።

ጌጡ፦ ፊት ለፊቴ ነው የከፈትከው! ምን አድርግ ነው የምትለኝ፣ ሪባን ልቁረጥልህ?

ልሣነወርቅ፦ አዎ፣ ሪባን ብትቆርጥልኝ ምን ነበረበት? ቁርጥ አልሸጥኩብህ፤ ጥሬ አላቀረብኩብህ። በርገር ነው! ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እንዳለ እየሳቀ ነው። ልጆች ይመጣሉ፤ ፎቶ ያነሱታል፣ ግማሹን ትተውት ይሄዳሉ። ትልልቁ ሰው በሩ ድረስ ይመጣና ዝርዝሩን አይቶ «ኧረ ጌጡ ጋ ነን» ብሎ ይሻገራል። በመስታወቱ አየዋለሁ እኮ! ያንተ በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ወደኔ ያያል፤ ሁላችሁም ትስቃላችሁ።

ጌጡ፦ ባንተ ብቻ አይደለም የምንስቀው።

ልሣነወርቅ፦ በማን ነው?

ጌጡ፦ በወንበሩም ነው።

ልሣነወርቅ፦ በል ተነስ! ውጣልኝ!

ጌጡ፦ እወርዳለሁ፤ ግን ደግፈኝ፣ ከዚህ ላይ ብቻዬን አልወርድም... ቆይ። ቆይ ልሣኑ። እና ነገሩ ይሄ ከሆነ፣ እኔ ይሄን ብበላልህ?

ልሣነወርቅ፦ ምን አልክ?

ጌጡ፦ እዚህ ተቀምጬ፣ ሰው እያየኝ ብበላልህስ?

ልሣነወርቅ፦ አንተ? ጌጡ? በርገር?

ጌጡ፦ ስሙን አትጥራው፤ እንደዚህ ስትለው ይከብደኛል። ብበላልህስ?

ልሣነወርቅ፦ አንተ ከበላህማ... ሰፈሩ በሥጋ ነገር ያንተን ምላስ ነው የሚያምነው። «ጌጡ በላ» ከተባለ ይሻገራሉ። ወደዚህ ይሻገራሉ!

ጌጡ፦ እንግዲያው «እሺ» በለኝና እበላለሁ።

ልሣነወርቅ፦ ብላና «እሺ» እልሃለሁ።

ጌጡ፦ አይሆንም። ከመልስ በፊት ከበላሁ ሽማግሌነቴ ቀረ። በር ላይ እንዳለው ሾፌር መሆኔ ነው።

ልሣነወርቅ፦ «እሺ» ካልኩ በኋላ ጥለኸኝ ብትወጣስ?

ጌጡ፦ ከዚህ ወንበር ላይ? በምን ልውረድ?

ልሣነወርቅ፦ ሙሉውን ትበላለህ?

ጌጡ፦ ሙሉውን።

ልሣነወርቅ፦ ወደ መስታወቱ ዞረህ፣ ያንተ ደንበኞች እያዩህ?

ጌጡ፦ አንተ፣ ታስጨርሰኛለህ... እሺ ዞሬ።

ልሣነወርቅ፦ ፊትህን ሳታጨማድድ?

ጌጡ፦ ስለ ፊቴ ቃል አልገባም። የተፈጠርኩበት ነው።

ልሣነወርቅ፦ እሺ።

ጌጡ፦ እሺ ምን?

ልሣነወርቅ፦ እሺ አልኩህ እኮ።

ጌጡ፦ እንዲህ አይባልም። በሙሉ አፍህ፣ ባሻ ወርዶፋ እንዲሰሙ አድርገህ በለው። ልጅ ነው እየሰጠህ ያለኸው፣ ጨው እያቀበልክ አይደለም።

ልሣነወርቅ፦ ባሻ! ይስሙኝ! ልጄን ማኅደርን ለናሁሠናይ ሰጥቻለሁ! ይባረኩ፣ ይውለዱ ይክበዱ!

ጌጡ፦ አሜን! እግዜር ያክብርልን! እሰይ ልሣኑ፣ ጉልበትህን እንዳልስም ወንበሩ አላወርድ አለኝ። ከጓዳ የተሰማውን እልልታ ሰማኸው? እሷ ናት?

ልሣነወርቅ፦ እሷ ናት። የጓዳው በር ጋ ቆማ ስታዳምጥ ነበረች ማለት ነው! «አባዬ» አለች፣ ሰማሃት? «አባዬ» ብላ ጮኸች!

ጌጡ፦ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ።

ልሣነወርቅ፦ እንኳን አብሮ ደስ ያለን። በል አሁን ተራው ያንተ ነው። ያዘው።

ጌጡ፦ አሁኑኑ?

ልሣነወርቅ፦ አሁኑኑ! ዙር፣ ወደ መስታወቱ። አየህ፣ ካንተ በር ላይ ቆመው እያዩ ነው። በሁለት እጅህ ያዘው... ኧረ አትክፈተው! ዳቦውን ለምን ትከፍተዋለህ?

ጌጡ፦ የምበላውን ልየው እንጂ! ሰላጣውን የት ላድርገው?

ልሣነወርቅ፦ አብረህ ብላው! ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚነከሰው።

ጌጡ፦ በምን አፍ? እኔ ይሄን የሚያህል አፍ ቢኖረኝ ኖሮ ሉካንዳ ሳይሆን ፓርላማ ነበርኩ።

ልሣነወርቅ፦ ጫን አድርገውና ንከስ... እንደሱ። እሰይ! ነከሰ! አየህ፣ ማዶ ያሉት አፋቸውን ይዘው ቀሩ! አንዱ መንገድ ሊሻገር ነው፣ ጌጡ፣ እየተሻገረ ነው!

ጌጡ፦ እም።

ልሣነወርቅ፦ እም ምን? እንዴት ነው?

ጌጡ፦ ቆይ፣ እያላመጥኩ ነው።

ልሣነወርቅ፦ እንደዛ ይላመጣል እንዴ? የተፈጨ እኮ ነው።

ጌጡ፦ ለዚህ ነው የት እንደደረሰ የጠፋኝ።

ልሣነወርቅ፦ ጨረስከው እኮ! ሙልጭ አድርገህ ጨረስከው! በል አሁን ንገረኝ። አታሽሞንሙንልኝ፤ ካሁን በኋላ ዘመዳሞች ነን፣ እውነቱን ነው የምፈልገው።

ጌጡ፦ ዘመዳሞች ነን?

ልሣነወርቅ፦ ነና! ልጄን ሰጥቼሃለሁ እኮ!

ጌጡ፦ እንግዲያው ልሣኑ ወንድሜ፣ የሠርጉን ሥጋ ለኔ ተወው።