አንድ እግር ጫማ

ዲላ ተማሪ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ ወርደን እንዋኝ ነበር። ዳር ላይ ሸንኮራ የሚሸጡት እትዬ ረሂማ ታዲያ አንድ እግር ጫማ ሳይቀበሉ ማንንም ውኃ አያስገቡም። ስንወጣ ይመልሱልናል፤ ሳይወሰድ የቀረ ጫማ ካለ፣ ውኃ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝና፣ “እኔስ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት” ብላቸው፣ “ዓሣም ብትሆን ጫማህን አምጣ” አሉኝ።

አንድ ቀን ከወንዙ መታጠፊያ በታች ወጥቼ ሣር ላይ ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በጩኸት ነው። ሮጬ ስመለስ ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙን በእግራቸው ይዳብሳሉ።

“ማን ሰመጠ?” አልኩ ደንግጬ።

እትዬ ረሂማ አንድ ጥቁር ሸራ ጫማ አሳዩኝ። “የዚህ ባለቤት። ሁሉም ወስዶ ይሄ ብቻ ቀረ።”

“የእኔ ነው” አልኩ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በራሴው ጫማ ጀርባዬን አንዴ አቀመሱኝና ሸንኮራ ሰብረው፣ “እንካ፣ በርዶሃል” አሉኝ።

በሳምንቱ እንደ ልማዴ አንዱን ጫማ ስዘረጋላቸው አልተቀበሉኝም።

“አንተ ሁለቱንም አምጣ። ሱሪህንም ጨምር።”