ከፈተናው አዳራሽ ማዶ

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደሉም ይምታታብኛል፤ የመጀመሪያ ደረጃን እንደምንም ጨርሶ የቆመ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጽፋል? ደግነቱ የምታነብልሽ ልጅሽ ናት። የተማረች ስለሆነች እያረመች ታነብልሻለች። ያልጻፍኩትን እንዳትጨምር፣ የጻፍኩትን እንዳትዘል ብቻ አደራ በይልኝ። መነጽርሽ እስኪጠገን ዓይንሽ እሷ አይደለችም?

እኔ ደህና ነኝ። እንድረዳት የላክሽኝ አራስም ሕፃኑም ደህና ናቸው። ሕፃኑ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውልና ሰው ሲመጣ ዓይኑን ይገልጣል... አንዳንድ ሰው ለፈተና ሲያጠና እንደሚያደርገው ማለት ነው። ሱቁ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ወረቀት ያነሳሁት እዚህ ከጎረቤት የሰማሁትን የአንድ ቤት ነገር ላጫውትሽ ብዬ ነው። ሐሜት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። "አፍ የላት" ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ እኮ ነኝ! ደግሞስ ሰውን ማመስገን ሐሜት ይባላል እንዴ?

ያ ቤት የእናንተን ቤት ይመስላል። እናትየው ሱቅ ውላ ማታ ትገባለች። አንዲት የምትሳሳላት ልጅ አለቻት፤ ነርስነት ተምራ ጨርሳ የቀራት የሙያ ፈቃድ ፈተናው ብቻ ነው። ፈቃዱ ባይኖራትም ሰፈሩ ሁሉ "ሲስተር" ይላታል። እሷም "አቤት" ትላለች። ታዲያ ምን ታድርግ? ሰው አክብሮ ሲጠራ ዝም ይባላል?

እዚያው ቤት አንዲት የእናትየው የእህት ልጅ አለች። ሲስተር እንድታጠና የቤቱን ሥራ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበራ! ስለዚህ ልጅቷ ትምህርቷን ለጊዜው አቆመች። "ሲስተር ፈተናዋን አልፋ ሥራ ስትይዝ አንቺ ትምህርት ቤት ትመለሻለሽ" ተባለች። ቃል ነው። ቃል ደግሞ አያረጅም... የምታረጀው ልጅቷ ናት እንጂ።

የሲስተርን ትጋት በምን ልንገርሽ? መጽሐፏን አንድ ገጽ ላይ ከፍታ ከበጋ እስከ ክረምት ያልገለጠች ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የልብ ሥዕል ያለበት ገጽ ነው። ሌላው ተማሪ ገጽ እየገለጠ ይሮጣል፤ እሷ ግን ልብን በደንብ ሳታውቀው አትለቀውም። ነጭ ጋውኗም በየሳምንቱ ይተኮሳል። ተተኩሶ ይሰቀላል፣ ወርዶ ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። በዚያ ቤት እንደ ጋውኑ ለሥራ የተዘጋጀ የለም።

መለማመጃዋ ያቺው ትንሿ ልጅ ናት። አንድ ቀን የልብ ምቷን ልትቆጥር ፈለገች። በአንድ እጇ የልጅቷን አንጓ ያዘች፣ በሌላው ስልኳን። ቆይታ ቆይታ "ምንም አይመታም" አለቻት። ልጅቷ ፈጣሪዋን አመስግና ተነሥታ ዕቃ አጠበች። ልቡ ቆሞ ዕቃ የሚያጥብ ስንት ሰው አለ? ሌላ ቀን ደግሞ የጭንቅላት ቁስል ማሰር ስትለማመድ ዓይኗንም ጭምር በፋሻ ጠቅልላት ሳለ ሰው ጠራትና ወጣች። ልጅቷ "ልምምዴን አበላሸሽ" እንዳትባል በዳሰሳ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆየች። ዓይን ሲታሰር ሽንኩርት አያቃጥልም፤ ይህንንም ጥቅም ያገኘችው በሲስተር ነው። ጎረቤት ዱቄት ልትበደር ብቅ ብላ "ውይ በሞትኩት! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?" ስትላት "ሲስተር ናት" አለች። ሴትየዋ ዱቄቱን ሳትበደር ተመለሰች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሲስተር ማልዳ የእናቷን ምርቃት ተቀብላ ወጣች። ቆየት ብሎ ልጅቷ ጠረጴዛ ስትወለውል የሲስተርን መታወቂያ አገኘችው። ያለ መታወቂያ ማንም አዳራሽ አይገባም። በነጠላ ጫማዋ ሮጠች። ስትደርስ በሩ ሊዘጋ ነው። "መታወቂያ ረስታ የመለሳችኋት ሲስተር የለችም?" ብላ ዘበኛውን ጠየቀች። ለዚያች ልጅ ዘበኛ ማናገር ቀላል እንዳይመስልሽ! "ረስቶ የመጣ የለም" አላት።

ዞር ብትል ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት አለ። በመስታወቱ ውስጥ ሲስተር ካስክ ደፍታ ተቀምጣለች። ፀጉሯ እኮ በዋዜማው ተሠርቶ ነበር! ዓይኗን ጨፍና የወንበሩን የእጅ መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች... ወንበሩ እንዳይሸሻት ነው መሰል። ልጅቷ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳለች የአዳራሹ በር ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማች። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሳ መታወቂያውን እዚያው የልቡ ሥዕል ላይ አስቀመጠችው።

ውጤት ወጣ ሲባል ሲስተር "የልብ ጥያቄ ነው የጣለኝ፤ በሁለት ነጥብ ብቻ ወደቅሁ" አለች። እናትየው አብራት አለቀሰች። ሁለት ነጥብ ብቻ! አዳራሹን ሳይረግጡ ያን ያህል መቅረብ ጭንቅላት አይጠይቅም?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የዚያ ቤት እንቁላል እግሩንስ አብቅሏል፤ አካሄዱ ወደ ፀጉር ቤት ሆነ እንጂ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሉም እሰማለሁ። አይጧን አልፈርድባትም፤ ፈርታ ነው። ፍርሃትን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ዳዋው ግን ከትምህርት ቤት ቀረ።

አሁን ሁለተኛው ፈተና በሚመጣው ሳምንት ነው አሉ። የትምህርት ቤት ምዝገባም ያን ሰሞን ያበቃል። ሲስተር ዘንድሮም "ለጥቂት" ከወደቀች፣ ልጅቷ እዚያው ከሽንኩርቱ ጋር ናት።

እና አክስቴ... ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔን ገልጬ ባየው ነቅዟል። ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፤ ይህን ነገር ከጎረቤት አልሰማሁትም። መታወቂያውን ይዛ ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆመችው እኔ ነኝ።

እዚህ ድረስ ካነበበችልሽ ልጅሽን ፈጣሪ ይባርክልኝ። ድምፅዋ ከደከመ ውሃ ስጫት። ለፈተናዋ እጇን ያቅናላት፣ ልቧን ያጽናላት፤ ፀጉሯም እንዳማረበት ይሰንብት። መታወቂያዋን እንዳትረሳ ንገሪልኝ። ብትረሳውም አታስቢ፤ ያን ቀን እዚያው ስለምሆን እኔ ሮጬ አደርስላታለሁ... የምትቀመጥበትን ወንበር አውቀዋለሁ።