ሶሻሏን እንዳትልክ

ሃቫና ስትሪት ላይ በሚሄደው ባስ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ከልጃቸው ጋር አውርተው ስልኩን ሲዘጉ፣ አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ በአማርኛ ጀመረ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ሳልፈልግ ሰማሁ። ልጅዎ ኢንተርንሺፕ አገኘች?»

«ሆስፒታል ውስጥ ነው አሉ። የኮሌጅሽንም እንከፍላለን ብለዋታል።»

«ኢንተርቪው አደረገች?»

«በቴክስት ብቻ ነው ያወሯት። ዛሬ ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ መታወቂያ ቁጥርሽን ላኪ አሏት።»

«ሰው በአካል ሳታይ? በፍጹም እንዳትልክ!»

«አንተ ምን አውቀህ ነው?»

«የኔ ልጅ እንዲሁ አምኗቸው ላከ። በስሙ ተበድረው መኪና ገዙበት፤ እስከ ዛሬ ስሙን አላጠራንም።»

እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ታዲያ እውነት ቢሆንስ? ዕድሏን ላበላሽባት?»

«እውነት ከሆነማ ነገም ይኖራል። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ራሷ ሆስፒታሉ ጋ ደውላ ትጠይቅላት፤ እነሱ በላኩት ቁጥር ግን አይደለም።»

እናትየው ቶሎ ብለው ደወሉ።

«ሶሻልሽን ላክሽ እንዴ?... እሰይ! ተዪው በቃ። ነገ ካውንስለርሽን እናናግራለን... አታልቅሺ የኔ ልጅ፣ እውነት ከሆነ አያመልጥሽም።»

ስልኩን ሲዘጉ ሰውየው፣ «እውነተኛ ሥልጠና የሚሰጥ ቦታ አውቃለሁ። ቁጥሯን ይስጡኝና ልደውልላት» አላቸው።

«የልጄን ቁጥር? አንተንስ ማን ያውቅሃል?»

«ልክ ነዎት። የቦታውን ስም ልንገርዎትና ራሳችሁ አጣሩ።»

«እሱ ይሻላል።»

እኔ ስልኬን አወጣሁና፣ ስኮላርሺፕ አገኘሁ ላለችኝ የእህቴ ልጅ ማን እንደሰጣት እንኳ ሳልጠይቅ ትናንት የጻፍኩላትን «እንኳን ደስ አለሽ» ደግሜ አነበብኩት።